ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ማዕድ

(በዓለም አቀፉ የበጎ ፈቃደኞች ቀን፣ ኅዳር 26፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር በሚገኝ አዳራሽ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ የተወደዳችሁ ወጣት ባለሙያዎች፤

ባልና ሚስት ሆኖ በሰው አገር በበጎ ፈቃድ ስለ ማገልገል እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነው። ከጥር 2010 እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ በማላዊ፣ በማንጎቺ ወረዳ፣ ከማላዊ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በምትገኝ አንዲት የአሥጋሪዎች መንደር ኖረን፣ አገልግለን ተመልሰናል። የእኔ ሥራ በጤና፣ የእሱ ሥራ በዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ሥር ስለነበረ፣ በወረቀት ላይ አንዱ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ሁለቱ ሥራዎች የተገናኙት ማታ ማታ፣ በእኛው ቤት፣ በእራት ማዕድ ላይ ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ትንሽ ራቅ ብዬ ልጀምር።

በልጅነቴ አባቴ ስለ በጎ ፈቃደኞች ሲያወሩ እሰማ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ መምህራን፣ ቁጥራቸው ከ270 በላይ ሆኖ፣ ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ብዙዎች እየመጡ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች አስተምረዋል። አባቴንም እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አሜሪካዊ ሒሳብ፣ ሚስቱ ደግሞ እንግሊዝኛ አስተምረዋቸዋል። አባቴ ግን ስለ ሒሳቡ ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም። ዘወትር የሚያነሡት፣ ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ከሚስቱ ጋር በአንድ ሳፋ ልብስ ሲያጥብ፣ ሲመሽም ሁለቱ በአንድ ፋኖስ ብርሃን ፊት ለፊት ተቀምጠው የተማሪ ደብተር ሲያርሙ፣ የሰፈሩ ልጆች በመስኮት ተሻምተው ያዩትን ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላም የፋኖሱን ቦታ በእጃቸው እያሳዩ ይነግሩን ነበር። ማላዊ ከገባሁ በኋላ ይህ የአባቴ ወሬ ደጋግሞ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ምክንያቱም የእኛም መስኮት በልጆች ዓይን ተሞልቶ አገኘሁት።

በአገራችን በጎ ፈቃደኛ ሲባል ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1970 በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ሲቋቋም ጀምሮ፣ ከአንዱ ታዳጊ አገር ወደ ሌላው ባለሙያ መላክ አንዱ ሥራው ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ በሰው አገር ከሚያሰማራቸው በጎ ፈቃደኞች አብዛኞቹ የእስያ፣ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ማላዊ ሐይቅ ዳር መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው፣ ቢያንስ ለዘመዶቻችን፣ የአካሄዳችን ቅደም ተከተል ነበር።

ጥሪው በመጀመሪያ የመጣው ለእኔ ነው። ባለቤቴ በዚያው አካባቢ ሥራ እንደሚገኝለት ተስፋ ተሰጥቶን፣ በላከን ድርጅት ወረቀት ላይ ግን «ተከታይ የትዳር ጓደኛ» ተብሎ ተመዘገበ። የሥራ ፈቃዱ እስኪመጣ አራት ወር ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጠ። እዚህ ቤት የተባለውን ታውቁታላችሁ፦ «ሚስቱን ተከትሎ አገር ለቀቀ» ተባለ፤ እናቱ ለብዙ ጊዜ በስልክ ሲያገኙት ድምፃቸው ይሰበር ነበር። እዚያ ስንደርስ ግን የገጠመን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በደቡብ ማላዊ በያዎም ሆነ በቼዋ ሕዝብ ዘንድ የዘር ሐረግ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፤ በልማዱም ወንዱ ሲያገባ ወደ ሚስቱ መንደር ሄዶ ይኖራል። እንዲህ ያለውን አማች በቺቼዋ ቋንቋ «ምካምዊኒ» ይሉታል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት የመጣንበትን ሁኔታ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ በእርካታ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ምካምዊኒ» አሉት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መንደሩ በሙሉ በዚህ ስም ጠራው። አማች በሚስቱ መንደር ቤት ይሠራል፣ እርሻ ያርሳል፣ ታታሪነቱ ይመዘናል። እዚህ እንደ ውርደት የተቆጠረበት ነገር እዚያ ቦታና ወግ ያለው ሆኖ ቆየው።

ይህን ስል ግን እነዚያ አራት ወራት ቀላል ነበሩ ማለቴ አይደለም። እኔ ጠዋት ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ስወጣ እሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይሸኘኛል፤ ማታ ደክሞኝ ስመለስ እሱ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ዝምታ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን መብራት በጠፋበት ምሽት፣ «ሰባት ዓመት የተማርኩት ገበያ እየሄድኩ ዱቄት ለመሸመት ነው ወይ?» አለኝ። እኔም ልመልስለት የማይገባኝን መልስ መለስኩለት፤ ለሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። በባዕድ አገር ባልና ሚስት ሲኳረፉ ሽማግሌ የለ፣ የሚሄዱበት ዘመድ ቤት የለ፤ ያለው አንድ ክፍልና አንድ የወባ አጎበር ነው። ሦስተኛው ቀን ማለዳ እሱ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ከዚያም በየቀኑ መውረድ ጀመረ።

ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል። የእኛ ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። የማላዊ ሐይቅ ስፋት ወደ 29,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጥልቀቱ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ግን አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፦ የእኛ በዓባይ፣ የእነሱ በሺሬ ወንዝ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ የተፈጥሮ መውጫ ብቻ ይፈስሳሉ፤ ሁለቱም አገሮች ከእነዚህ መውጫዎች መብራት ያመነጫሉ። ባሕር ዳርም በካርታ ላይ በሐሩር ክልል ውስጥ ናት፤ ነገር ግን 1,800 ሜትር ከፍታዋ ይከላከልልናል። እዚያ ከፍታው ከ500 ሜትር በታች ነው፤ ወበቁ ከሰውነት አይወርድም፣ ወባውም እንደ እኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ብቻ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው። ዝናባቸው የሚጀምረው በእኛ ኅዳር አካባቢ ነው፤ የእኛ በጋ የእነሱ ክረምት ነው። ከሁሉ በላይ ከዓይኔ የማይጠፋው የሌሊቱ ሐይቅ ነው። አሥጋሪዎቹ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት «ኡሲፓ» የተባለውን ትንሽ ዓሣ ለመሳብ በታንኳዎቻቸው ላይ መብራት ያበራሉ፤ ከዳር ሆኖ ሲታይ ከአድማስ ወዲህ ሌላ ከተማ የበቀለ ይመስላል።

ባለቤቴ ማለዳ ማለዳ እነዚያ ታንኳዎች ሲመለሱ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መረብ ሲጎተት አብሮ ጎተተ፤ ሴቶቹ ኡሲፓውን በእንጨት ቆጥ ላይ ሲያሰጡ አብሯቸው አሰጣ። ዝናብ ሲያስገመግም ሁሉም ተሯሩጦ ያን ዓሣ ይሰበስባል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዝናብ የሳምንት ድካም ያበላሻል። ቋንቋውን የተማረው እዚያ ነው፤ የሥራ ፈቃዱ በአምስተኛው ወር ሲደርስ፣ የትኛው መረብ የማን እንደሆነ፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚጠብብ፣ የትኛው ዳርቻ በየትኛው ወር እንደሚጎተት በቃሉ ያውቅ ነበር። ሥራውን ከመጀመሪያው ቀን ቢይዝ ኖሮ ይህን ሁሉ በቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያገኘውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያም ሆኖ ያ ጊዜ ያስከፈለንን ዋጋ አልረሳውም።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። በባሕር ዳር ላቦራቶሪ የሠራን ሰዎች የጣናን ቢልሃርዝያ፣ ትል የሚያመጣውን በሽታ፣ እናውቀዋለን። ምልክቱ በሰገራ ናሙና ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታይ፣ ሞላላ፣ ከጎኑ እንደ እሾህ ያለ ነገር የወጣበት እንቁላል ነው። ማላዊ ስደርስ ናሙናው የሚመጣው በሽንት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሽንት ቀይ ሆኖ በብርጭቆ ቀረበልኝ። መብራት ስላልነበረ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ የፀሐይ ብርሃን ሰብስቤ አየሁት፤ እሾሁ በጎኑ ሳይሆን በጫፉ ነበር። በትምህርት ቤት በሥዕል ብቻ የማውቀው፣ የሽንት ከረጢትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ልጁን «ያምሃል ወይ?» ብዬ በአስተርጓሚ ጠየቅሁት። ገረመው፤ የሰፈሩ ልጆች ሽንት ሁሉ እንዲያ መስሎት ነበር።

የበሽታው ዙር በሁለቱም አገር አንድ ነው። የታመመ ሰው ወደ ውኃው የሚጥለው እንቁላል ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ወደ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ትሉን ይገድላል፣ ዳግም ከመያዝ ግን አያድንም። ከልጆቹ ብዙዎቹ መድኃኒቱን ወስደው ከወራት በኋላ ተመልሰው ይመጡ ነበር። እኔ መዝገብ ስይዝ የልጁን ስምና ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሚታጠብበትን ዳርቻም መጻፍ ጀመርሁ፤ ይህን ያደረግሁት ባሕር ዳር ሳለሁ ያስለመደኝ አንድ አለቃዬ ስለነበረ ነው፣ እዚያ ማንም አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ያ እራት እዚህ ላይ ይመጣል። ምግባችን ንሲማ ነበር፤ ከነጭ የበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ቂቤና በርበሬ ያላየ የእኛ ገንፎ በሉት። እየቆረስን፣ ከአንድ ዳርቻ የሚመጡት ልጆች ከሌላው እጅግ እንደሚበዙ ነገርኩት። እሱ የያዘውን ጉርሻ ሳይጎርስ «የቱ ዳርቻ?» አለኝ። ስሙን ነገርኩት። «እዚያ እኮ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ከዳር የሚጎተትበት ነው፤ የወባ አጎበር ሰፍተው የሚጎትቱትም እዚያው ናቸው» አለ። ቀጠለና፣ ከዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ በጉሮሮው ባሉ ጠንካራ ጥርሶች ቀንድ አውጣ ሰብሮ የሚበላ ዓሣ እንዳለ፣ ሽማግሌዎቹ አሥጋሪዎችም «በልጅነታችን እንደ ልብ ነበረ፣ አሁን ግን አልፎ አልፎ ነው» እንደሚሉ ነገረኝ። ዓሣው ሲያልቅ ቀንድ አውጣው ይበዛል፤ ቀንድ አውጣው ሲበዛ የልጆቹ ሽንት ይቀላል። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን፤ ንሲማው ቀዘቀዘ።

ይህን እኛ አግኝተነዋል አልልም፤ ሐሰት ይሆናል። በማላዊ ሐይቅ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በደቡቡ ክፍል ቀንድ አውጣ በሊ ዓሦች መመናመናቸውንና በክፍት አሸዋማ ዳርቻዎች ላይ ቢልሃርዝያ መጨመሩን አያይዘው ቀደም ብለው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ያ ጽሑፍ በጤና ጣቢያው መደርደሪያም ሆነ በዓሣ ሀብት ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። አንዱ መሥሪያ ቤት ዓሣ ይቆጥራል፣ ሌላው በሽተኛ ይቆጥራል፤ ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ቤት ያደሩት ባለመዝገቦቹ ባልና ሚስት ስለሆኑ ብቻ ነው። ደግሞስ እኛው ራሳችን፣ በየፊናችን ብቻችንን ሄደን ቢሆን ኖሮ፣ ማን ለማን ይነግረው ነበር?

በማላዊ የሐይቅ ዳር መንደሮች የዳርቻ ኮሚቴዎች አሏቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሥጋሪው ራሱ በሀብቱ ጥበቃ ላይ እንዲወስን የተቋቋሙ ናቸው። ከጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ጋር ተመካክረን የኮሚቴውን አባላት ጋበዝናቸው። ንግግር አላደረግንም። ከፈቃደኛ ወላጆች የተገኘ ናሙና አዘጋጅተን፣ ማይክሮስኮፑን መስኮት ሥር አድርገን፣ አንድ በአንድ እንዲያዩ ጋበዝናቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ አሥጋሪ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረዥም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ በመጀመሪያ የጠየቁት፣ «ይህ እሾህ በልጅ ሆድ ውስጥ ነው ያለው?» ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መረብ ለመነጋገር እኛ አላስፈለግንም፤ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ልጆች የሚዋኙበት አንድ ዳርቻ ከጎታች መረብ ነጻ እንዲሆን ተስማሙ።

ስምምነቱ ጸና ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለብዙ ወራት ጸንቶ፣ በችጋሩ ወራት ተጣሰ። ከጥር እስከ መጋቢት ድረስ ያለፈው ዓመት በቆሎ አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ነው፤ የእኛ ገበሬ የነሐሴን ጎተራ እንደሚያውቀው ያውቁታል። በዚያ ወቅት አንዲት እናት ከአልጋዋ ላይ አጎበር ፈትታ፣ ከዳር ጎትታ፣ ለልጆቿ እፍኝ ዓሣ ይዛ ስትገባ አይቻለሁ። ያ አጎበር ልጆቿን ከወባ ሊጠብቅ የተሰጣት ነው፤ ያም ዓሣ ነገ ከቢልሃርዝያ ሊጠብቃቸው የሚችል ነው፤ እሷ ግን የዛሬ ማታ እራት ነበር የቸገራት። ባለቤቴ ሊናገራት ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። እኔም እስከ ዛሬ ምን እንላት እንደነበር አላውቅም። ሚያዝያ ላይ አዲሱ በቆሎ ሲደርስ ኮሚቴው ስምምነቱን እንደገና አደሰ።

ስለ ቀሪው ጊዜ ብዙ አልልም። በመጋቢት 2011 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ያስከተለው ጎርፍ ደቡብ ማላዊን አጥለቀለቀ፤ በሚቀጥለው ወር፣ በሚያዝያ፣ ማላዊ የወባ ክትባትን በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ ለሙከራ በመጀመር ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። የዚያን ሰሞን የባልደረቦቼን ኩራት ባያችሁት ብዬ እመኛለሁ።

እዚህ ላይ ለመሄድ ለምታስቡ ባልና ሚስቶች ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንደኛው ስለ ገንዘብ ነው። የበጎ ፈቃደኛ መተዳደሪያ አበል ደመወዝ አይደለም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ቢሆንም የእኔ አበል ከጎኔ ከሚሠራው ባልደረባዬ ደመወዝ ይበልጥ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር። ይህን ማስተካከል በእኛ ሥልጣን ውስጥ አልነበረም፤ በአኗኗራችን ግን አንጻራዊ ድህነትን ማስመሰልም፣ ሀብትን ማሳየትም አልፈለግንም። ከእነሱ ገበያ ሸመትን፣ ሲጠሩን ሄድን፣ የለቅሶ መዋጮ እንደ ሰፈርተኛ ከፈልን። ሁለተኛው፣ ሁለታችሁም የየራሳችሁ ሥራ በጽሑፍ ካልተረጋገጠላችሁ በስተቀር አትነሡ። እኛ ዕድለኞች ነበርን፤ ባዶ የተቀመጠበትን ጊዜ ባለቤቴ በትዕግሥቱ ወደ ትምህርት ለወጠው። በዚያው ሁኔታ ተለያይተው የቀሩ ጥንዶችንም አውቃለሁ።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲመጣ በብዙ አገሮች ያሉ በጎ ፈቃደኞች ወደየአገራቸው እንደተጠሩ ታስታውሳላችሁ። እኛም በሦስት ቀን ውስጥ እንድንወጣ ተነገረን። ለመንደሩ በወጉ ሳንሰናበት፣ የጎረቤታችንን አሮጊት እጅ እንኳ ሳንጨብጥ፣ በርቀት እጃችንን እያጨበጨብን በእነሱ ልማድ ተሰናብተን ወጣን። ባልደረባዬ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ከመሄዴ በፊት ባሉት ወራት፣ ሽንት ብቻ ሳይሆን ሰገራም፣ ናሙናውን ለክቶ እንቁላል በሚቆጥረው በካቶ ካትዝ ዘዴ እንዲመረምር፣ 41.7 ሚሊ ግራም የምትይዘዋን የመለኪያ ቀዳዳ እንዴት እንደሚሞላና በጎኑ እሾህ ያለውን የጣናውን እንቁላል እንዴት እንደሚለይ አሳይቼው ነበር። «እዚህ የለም እኮ» ይለኝ ነበር፤ እኔም «ድንገት ቢመጣ» እለው ነበር። በእርግጥም በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች ያን ዓይነት ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በማንጎቺ የሐይቅ ዳርቻ አግኝተው ነበር።

ከተመለስን ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማታ ባሕር ዳር ቤታችን እራት ላይ ሳለን፣ ስልኬ ጮኸ። ባልደረባዬ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ስልኩን ደግኖ ያነሣው ፎቶ ነበር፤ ትንሽ የደበዘዘ፣ ክብ፣ መካከሉ ላይ አንድ እንቁላል። ከሥሩ፣ «የእናንተ ነው ወይስ የእኛ?» ብሎ ጽፏል። አጎላሁት። እሾሁ በጎኑ ነበር። ስልኩን ለባለቤቴ አቀበልኩት፤ እንጀራውን በግራ በኩል ወደ ጎን ገፋ አድርጎ፣ ፎቶውን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ አየና፣ ቀና ሳይል፣

«ልጁ የሚታጠበው የቱ ዳርቻ እንደሆነ ጠይቂው» አለኝ።